በሐውልቱ ላይ የተዘለለው መስመር

ጥቅምት 8

ይድረስ ለወንድምዓለም፣ ካለህበት በረሃ።

እንደምን አለህልኝ? ጨጓራህስ? ፈጣሪ ከላይም ከታችም ይጠብቅህ፤ በእግርህ የሄድክ በእግርህ ተመለስ። እኔ ጉልበቴን ብቻ ነው የሚያመኝ። የእንጨት እርብራብ ላይ መውጣትና መውረድ ለሃምሳ ሁለት ዓመት ሴት የተፈጠረ ሥራ አይደለም። ሌላው ሁሉ ደህና ነው ልልህ ነበር፤ ግን ለአንተ ምን እደብቃለሁ።

ከጦሩ ቢሮ ወረቀት መጣልኝ። የውሃ ቦቴው ነሐሴ ላይ ከድልድይ ወንዝ ገባ፣ ስትጎትቱት ጋቢናው ባዶ ነበር ብለህ አንተው የጻፍክልኝን እነሱ ደግሞ አሳጥረው ላኩት። ከታች "ሹፌሩ ያለበት እስካሁን አልታወቀም" ይላል። ልጄን ሃያ ስድስት ዓመት አሳድጌ አንድ መስመር ላኩልኝ። ወረቀቱን ያመጣው ወጣት መቶ አለቃ አንገቱን ደፍቶ ቆመ፣ ውሃ ስሰጠው ሁለት ብርጭቆ ጠጣ፣ ሦስተኛ ቀዳሁለት። ምን ላድርግ፣ ጠምቶት ነበር።

ሥራ አገኘሁ፣ ያውም ትልቅ ሥራ። አደባባዩ ላይ የሚቆመውን ሐውልት ስም የምቀርጸው እኔ ነኝ። ባለቤቴ ሞቶ መሮውን ከወረስኩ ወዲህ "ሴት ድንጋይ ትቀርጻለች እንዴ?" ሲሉ የነበሩት ሁሉ አሁን መንገድ ላይ ሲያዩኝ ኮፍያ ያነሳሉ። ሐውልቱ ባለ ሁለት ፊት ነው። ከፊት ለፊት በትልቁ ጦርነት የሞቱት፣ ከጀርባ ደግሞ ከዚያ ወዲህ ለሰላም ማስከበር ሄደው ያልተመለሱት። ሁሉም በፊደል ተራ ነው የሚጻፈው፤ ማዕረግ የለም፣ ጄኔራሉም ወጥ ሠሪውም እኩል። ይህን የወሰነው ኮሚቴው ነው፤ አንዳንዴ ኮሚቴም ልብ አለው።

የኮሚቴውን ሰብሳቢ ብታየው ትስቅ ነበር። ከሐውልቱ አናት ላይ "ስም ከመቃብር በላይ ይውላል" የሚለውን በወርቅ ቀለም ካልጻፍሽ ብሎ ሁለት ሳምንት አሰለቸኝ። መቃብር የሌለው ሰው ስሙ ከምን በላይ ሊውል ነው ብዬ ጠየቅኩት። ስለ ክብር እንግዳው ወንበር ማውራት ጀመረ።

የቦታው ጠባቂ አለ፣ ሁላችንም "ጄኔራሉ" የምንለው። በትልቁ ጦርነት ምግብ አብሳይ ነበር። እሱና ጓደኞቹ የጀርባውን ፊት አይወዱትም። "እኛ ተዋግተን ሞትን፤ እነዚህ ሰው ሲጣላ መሃል ቆመው ነው የሞቱት" ይላል። ሞትን የሚለው ራሱን ጨምሮ ነው፣ ጥርሱን እየፋቀ።

አደራህን፣ ወንዙን ተከትለህ ጠይቅልኝ። ልጄ ቀጮ ዋና ይችላል፤ አንተው ነህ ያስተማርከው። ምራቴ በየቅዳሜው ሸሚዞቹን አውጥታ ትተኩሳቸዋለች። ልብስ ሰፊ ስለሆነች ይሆናል እላለሁ፣ ልብስ ተጨማዶ ማየት አትችልም።

እህትህ


ኅዳር 6

ለተከበርሽው እህቴ፣ እታለም፤

ከሁሉ አስቀድሜ ለጤናሽ እንደምን ከረምሽ እላለሁ። ፈጣሪ እድሜሽን ያርዝመው፣ ጉልበትሽንም ይጠግንልሽ። ምራትሽንም ጎረቤቱንም ሰላም በይልኝ። እኔ ደህና ነኝ።

የሐውልቱ ሥራ በመሰጠትሽ ደስ ብሎኛል። በርቺ። ለአባታችን ቤት ስም ነው።

ስለ ጠየቅሽኝ ጉዳይ፣ ወንዙን ተከትዬ ሄጄ ነበር። አንድ ቀን ሳይሆን ሦስት ቀን። በዳሩ ያሉትን ዓሣ አጥማጆች በአስተርጓሚ አነጋግሬአለሁ። ወንዙ በክረምት ሞልቶ ጠረፍ አቋርጦ ነው የሚሄደው፤ ከማዶው መሬት እኛ እንድንገባ አይፈቀድልንም። በውሃ የተወሰደ ሰው ከሩቅ መንደር ወጥቶ የተገኘበት ጊዜ አለ ይላሉ። ስለዚህ ተስፋ አይቆረጥም።

እዚህ ሥራው እንደምታውቂው ነው። ሁለቱ ወገኖች በአንድ የውሃ ጉድጓድ ሰበብ ይታኮሳሉ፣ እኛ ሰማያዊ ቆብ አድርገን መሃል እንቆማለን። ካልተተኮሰብን መተኮስ የለብንም። ሴቶች ጀሪካን ደርድረው ቦቴ ሲጠብቁ ከንጋት እስከ ቀትር ይሰለፋሉ፣ ቦቴው ከዘገየ ወረፋው ላይ ድንጋይ ይወራወራሉ። ስለዚህ ቦቴው አይዘገይም። መለዋወጫ ግን አይመጣም። ከሰኔ ጀምሮ የጠየቅነው የፍሬን ሸራ፣ መንኮራኩሩን ይዞ የሚያቆመው፣ እስካሁን መንገድ ላይ ነው ይሉናል። ከአንዱ መኪና ነቅለን ለሌላው እንገጥማለን። እኔ ጋራዡን ስለምመራ እያንዳንዱ መኪና ከመውጣቱ በፊት "ለጉዞ ብቁ" የሚለው ወረቀት ላይ የምፈርመው እኔ ነኝ።

ምናልባት ስለ መኪናው የሚጠይቅሽ ሰው ቢመጣ የማውቀው የለም በይ። ሰው ወሬ ያበዛል።

አክባሪ ወንድምሽ


ኅዳር 30

ለወንድምዓለም፤

እግዜር ይስጥህ። "ተስፋ አይቆረጥም" ያልከውን ለምራቴ አነበብኩላት፤ ዳግም አንብቢልኝ አለችኝ፣ ደግሜ አነበብኩ። ከዚያ ወጥታ በረንዳውን ጠረገች። የተጠረገ በረንዳ ነበር።

ስለ መኪናው ማን ይጠይቀኛል ብለህ ነው? እኔን የሚጠይቀኝ ሰብሳቢው ብቻ ነው፣ እሱም የሚጠይቀው "ስንተኛው ፊደል ደረስሽ?" ብሎ ነው። የፊት ለፊቱን ጨርሼ ወደ ጀርባው ዞሬአለሁ። ስሙ መጀመሪያ በጠመኔ ይሰመራል፣ በውሃ ልክ ይለካል፣ ከዚያ መሮው ይገባል። ከገባ በኋላ መመለስ የለም። የቀጮ ተራ ደረሰ፤ ለሰብሳቢው ነገርኩት። "የሞት ወረቀት የፈረመ አዛዥ ከሌለ አይጻፍም፣ ደንብ ነው" አለኝ። በልቤ አመሰገንኩት። ሳልጽፈው አለፍኩ። ግን ቦታውን አንድ መስመር ለቀቅኩለት፤ ድንጋዩ እዚህ ላይ ይሰነጠቃል ብዬ ዋሸሁ። ማንም ድንጋይ አያውቅም፣ ሁሉም አመኑኝ።

አሁን ደግሞ ሌላ ወሬ አለ፣ ተቀምጠህ ስማኝ። የሐውልቱን አጥር የሚሠራ ብረት በያጅ አለ። ዝምተኛ፣ ሠላሳ ዓመት ያለፈው፣ የብየዳ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ የሚረሳ። አንድ ማክሰኞ ምራቴ ምሳ ስታመጣልኝ መሰላሉ ሥር ቆሞ ሳህኑን ተቀብሎ አወጣልኝ። ከዚያ ወዲያ በየቀኑ የሚበየድ ነገር በእኔ በኩል ይገኛል። አጥሩ በእኔ በኩል ሦስት ጊዜ ነው የተበየደው፤ ጦር ቢመጣ አይነቅለውም።

በመጨረሻ ጄኔራሉን አማላጅ አድርጎ ላከብኝ። ጄኔራሉ ጉሮሮውን ጠራርጎ፣ "ልጅቷ ገና ሃያ ሦስት ዓመቷ ነው፣ ስምንት ወር ነው አብረው የኖሩት" ብሎ ጀመረ። የሰው ሚስት ናት አልኩት። የጠፋ ሰው ሚስት ናት አለኝ። የጠፋም ሰው ባል ነው አልኩትና መዶሻዬን አነሳሁ። ለሥራ ነው ያነሳሁት፣ እሱ ግን ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ሄደ።

እሷን ጠየቅኳት። የስፌት መኪናዋን ሳታቆም፣ "እማማ፣ የለም ካሉኝ አለቅሳለሁ፣ አለ ካሉኝ እጠብቃለሁ። ዝም ብቻ አይበሉኝ" አለችኝ። በያጁን ትወደው እንደሆነ አልጠየቅኳትም። ስሙ ሲነሳ ግን ክሩ ይበጠስባታል።

እና ወንድሜ፣ አንድ ቃል ነው የምፈልገው። ሆስፒታሎቹን ጠይቅ፣ እስር ቤትም ካለ ጠይቅ። አለ ወይም የለም በለኝ። ከሦስት ፊደል አይበልጥም እኮ።

እህትህ


ጥር 25

ለውድ እህቴ፣ እታለም፤

እንደምን ሰንብተሻል? መልሴ ስለዘገየ ይቅርታሽን እለምናለሁ። ፖስታ የሚወስደው አውሮፕላን ለአምስት ሳምንት አልመጣም ነበር። ፈጣሪ ቤትሽን በሰላም ያቆይልሽ።

እኛ ዘንድ የግዳጁ አምስተኛ ዓመት ተከብሮ ነበር። ትልቅ እንግዳ መጣ። ከሁለት ሳምንት በፊት ጀምረን ድንጋዮቹን ኖራ ስንቀባ፣ ጎማ ስናጥብ ከረምን። ፍሬን የሌላቸውን መኪናዎች ደግሞ ከአዳራሹ ጀርባ ደበቅናቸው። በሰልፉ ላይ ለሁላችንም ሜዳይ ተሰጠን። እንግዳው ንግግር ሲያደርግ ከጉድጓዱ በኩል ተኩስ ይሰማ ነበር፤ ድምፅ ማጉያውን ከፍ አደረጉት። በካምፑ መግቢያ ላይ በጣውላ የሞቱትን አሥራ አንድ ሰዎች ስም ጽፈን ሰቀልን። የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ አንቺን እያሰብኩ በማስመሪያ አሰመርኩት፣ ግን የመጨረሻው መስመር ተጣመመብኝ።

የቀጮ ስም እዚያ የለም። ወረቀቱ "ጠፋ" ስለሚል።

ሆስፒታል ላልሽው፣ እዚህ ያለው አንድ ድንኳን ነው፣ እዚያ የለም። ከዚህ በላይ ምን እንደምልሽ አላውቅም።

ልጅቷን ግን ተያት፣ እታለም። ወጣት ናት። ልቧ የወደደውን ታድርግ። ሰውዬው ሠራተኛ ከሆነ፣ ጠጪ ካልሆነ፣ ምን ታደርጊዋለሽ። እድሜ እንደ ቦቴ ውሃ ነው፣ ቆሞ አይጠብቅም።

ጤናሽን ጠብቂ። ክኒን ላኪልኝ፣ ጨጓራዬ ብሶበታል። እንቅልፍም አጥቻለሁ።

ወንድምሽ


የካቲት 14

ለወንድሜ፤

ክኒኑን ልኬአለሁ፣ ከምግብ በፊት ነው የሚወሰደው። ሰላምታውን በዚህ ቁጠርልኝ።

"ተያት" ያልከው ነገር ሰባት ቀን አላስበላኝም። ተስፋ አይቆረጥም ያለ ሰው እንዴት ተያት ይላል? የእህቱ ልጅ ከጠረፍ ማዶ በአንድ መንደር ተኝቶ ሊሆን ይችላል ብሎ የሚያምን ሰው የልጁን ሚስት ለሌላ ስጧት ይላል? ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ይባላል። የምታውቀው አለ።

አሁን እኔ ያደረግኩትን ልንገርህ፣ ከዚያ አንተ ትነግረኛለህ። ደብዳቤህ ሲመጣ ምራቴ እጆቿን በጨርቅ እየጠረገች ፊቴ ቆመች። የእጅ ጽሑፍህን ማንበብ ስለማትችል ሁልጊዜ እኔ ነኝ የማነብላት፤ የመካኒክ ጽሑፍ ነው፣ ዘይት የፈሰሰበት ይመስላል። ስለ ሰልፉ አነበብኩ፣ ስለ ጣውላው አነበብኩ። "ልጅቷን ተያት" የሚለው ጋ ስደርስ ዓይኔ አየው፣ አፌ ግን ዘለለው። ዝም እንዳልላት ለምናኝ ነበርና ዝም አላልኩም። "ቀጮን የሚመስል ሰው ከማዶ ታይቷል ይላል" ብዬ ጨመርኩ። ከየት እንደመጣልኝ አላውቅም። ያላልከውን በአንተ አፍ ተናገርኩ።

ወለሉ ላይ ተቀመጠች። አላለቀሰችም፣ ሳቀች። ያን ቀን ብርድ ልብሶቹን ሁሉ አጠበች። በማግስቱ ምሳዬን ይዛ መጥታ፣ መሰላሉን አልፋ በቀጥታ ወደ በያጁ ሄደች። ከላይ ሆኜ አየኋቸው። የተባባሉትን አልሰማሁም፤ ጄኔራሉ ነው የነገረኝ። "ባሌ አለ፣ ታይቷል" ብላዋለች። እሱም "እንኳን ደስ አለሽ" ብሏት መነጽሩን አወረደ። እሳት ሳይለኩስ መነጽሩን አወረደ፣ ወንድሜ።

አጥሩን በሦስት ቀን ጨረሰ። አርብ ዕለት ዕቃውን ጭነት መኪና ላይ ጭኖ ወደ ወደቡ ሥራ ሄደ። እዚያ የአሠሪው እህት አለች፣ ቀድሞም ሊያጋቡት ይፈልጉ ነበር ይባላል። ሲሄድ ለእኔ አዲስ መሰላል ሠርቶ ትቶልኛል። የእንጨቱ ይወዛወዛል ብዬ አንድ ጊዜ አማርሬ ነበር።

እውነት ልጄ ካለ፣ ያደረግኩት ልክ ነው። ከሌለ፣ አንዲት ሰው በቁሟ ቀበርኩ። የትኛው እንደሆነ አንተ ነህ የምታውቀው። ሐውልቱ መጋቢት 15 ይመረቃል። በእናታችን አፅም ይዤሃለሁ፣ ከዚያ በፊት ጻፍልኝ።

እህትህ


የካቲት 29

እታለም፤

ይህን ደብዳቤ በፖስታ አልሰጠሁትም። ግዳጁን ጨርሶ የሚመለስ ሃምሳ አለቃ በእጁ ይሰጥሻል። የሚወጡበት ቀን አልታወቀም፣ ፈጥኖ እንዲደርስ ለምኜዋለሁ።

ቀጮ ሞቷል። ሞቱን ካወቅኩ ስድስት ወር አልፎኛል።

ቦቴው በገባ በዘጠነኛው ቀን ነው ያገኘሁት። ከድልድዩ በታች የአንድ ቀን ተኩል መንገድ። ዓሣ አጥማጆቹ ከሸምበቆ ውስጥ አውጥተው ቀብረውት ነበር፤ ሙቀት ስለሆነ አላቆዩትም። እንዲያሳዩኝ ለመንኳቸው። አልወደዱም፣ ግን እስከ ደረቱ ገለጡልኝ። እሱ ነው። ራዲያተር የፈነዳበት ጊዜ የተቃጠለው ክንዱ ላይ ያለውን ጠባሳ አየሁት። መልሰው ሸፈኑት። ከራሱ በኩል ድንጋይ አቆምኩለት፣ ምንም አልጻፍኩበትም። ቦታው ትልቅ ዛፍ ያለበት ከፍታ ነው፣ ውሃ አይደርስበትም። ይህን ስነግርሽ አጽናናሻለሁ ብዬ አይደለም።

ካምፕ ስመለስ ለማንም አልተናገርኩም። ለአንቺ ብዬ ነው ስል ከረምኩ። ልጇ ሞተ ከምላት ጠፋ ቢባል ይሻላታል፣ ቀስ በቀስ ትለምደዋለች አልኩ። ለራሴ ይህን ስነግረው አምኖኝ ነበር።

እውነቱ እንዲህ ነው። ያን ቀን ጠዋት ቀጮ ጋራዥ መጣና "አጎቴ፣ ፍሬኗ ወለል ድረስ ትወርዳለች፣ ዛሬ አልነዳትም" አለኝ። ገብቼ ረገጥኩት፤ እውነቱን ነው። ሸራው አልቋል። ሌላ ቦቴ አልነበረም። ሴቶቹ ከንጋት ጀምሮ ተሰልፈዋል፣ ባለፈው ቀን በወረፋው ላይ ሁለት ሰው ተፈንክቷል፣ አዛዡ በሬዲዮ ይጮሃል። ከቆመ የጭነት መኪና ያረጀ ሸራ ነቅዬ ገጠምኩለት። ለዚያ ክብደት እንደማይሆን አውቃለሁ፣ ሃያ ዓመት የሠራሁበት ነው። "በሁለተኛ ማርሽ ውረድ፣ ምንም አትሆንም" አልኩት። አየኝ። "አንተ ካልክ" አለኝ። "ለጉዞ ብቁ" ላይ ፈረምኩ።

ሞተ ቢባል ምርመራ አለ። መኪናው ይፈታል፣ ወረቀቱ ይወጣል። ጠፋ ሲባል ግን ፋይሉ ይተኛል። መኪናውን ራሴ ጎትቼ፣ ራሴ ፈትቼ፣ ሸራውን ወንዝ ጣልኩት።

ስለ በያጁ የጻፍሽው ሲደርሰኝ ልጅቷን አሰብኳት። አግኝቻት አላውቅም፣ ቀጮ ፎቶዋን ጋቢናው ላይ ለጥፎ ነበር።

አንድ ነገር ብቻ እለምንሻለሁ። መስመሩን ለቅቀሽለታል። አንቺ ነሽ መሮውን የያዝሽው፣ ማንም አይጠይቅሽም። ወረቀት ሳትጠብቂ ስሙን ጻፊው። እኔን አትይኝ፣ ለእሱ ብለሽ።

ወንድምሽ


ሚያዝያ 3

ለወንድሜ፤

ደብዳቤህ መጋቢት 24 ደረሰኝ። ምረቃው አልፏል።

አልጻፍኩትም፣ አሁንም አልጽፈውም። ያለ አዛዥ ፊርማ ስሙን ብቀርጸው አንተ የደበቅከውን እኔ በድንጋይ ደበቅኩት ማለት ነው። ልጄ በሌብነት አይገባም።

ምረቃው ያማረ ነበር ይላሉ። የክብር እንግዳው መቀስ ይዞ ሪባን ቆረጠ። ሰብሳቢው ከጀርባው ፊት ሲደርስ ባዶውን መስመር አየና ለአፍታ ወደ እኔ ዞረ፤ የአበባ ጉንጉኑን አነሳና እዚያው ላይ አስደገፈው። ካሜራዎቹ አበባውን አነሱ። ጄኔራሉ ያረጀ ኮቱን ለብሶ መጥቶ የጀርባውን ስሞች ከላይ እስከ ታች አነበባቸው፤ ማንበብ ቀስ ይላል፣ አንድ ሰዓት ፈጀበት። ሲጨርስ "ብዙ ናቸው" ብሎኝ ሄደ። ከዚያ ወዲህ "መሃል ቆመው ነው የሞቱት" ሲል አልሰማሁትም። ከዚያ እናቶቹ መጡ። ስም በጣታቸው እየተከተሉ ይነካሉ። እኔ አጥሩን ተደግፌ ቆምኩ። ልጄ በሕይወት አለ እያልኩ ለእነሱ ሳዝን ነበር። በዚያች ሰዓት እኮ ስለ እነሱ ነበር የማለቅሰው፣ ይህን እወቅልኝ።

ደብዳቤህን ብቻዬን አነበብኩት። "ለአንቺ ብዬ ነው ስል ከረምኩ" ብለህ ጽፈሃል። ለእኔ አልነበረም፣ ለፊርማህ ነበር። ራስህም ብለኸዋል፣ ስለዚህ አልደግመውም። የቀበሩትን ሰዎች ስም ግን ጠይቅልኝ። ለእነሱ የምለው አለኝ።

ከዚያ ወደ ምራቴ ክፍል ሄድኩ። የሠርግ ልብስ እየሰፋች ነበር፣ የሌላ ሰው። አስቀምጬአት አነበብኩላት። በዚህ ጊዜ ምንም አልዘለልኩም፣ ምንም አልጨመርኩም። ስጨርስ የበፊቱን ደብዳቤ አውጥቼ "ታይቷል" የሚለው እንደሌለበት በጣቴ አሳየኋት። የእኔ አፍ ነበር አልኳት።

የሰው ፊት ሲዘጋ አይቼ አላውቅም ነበር። ከዚያ ተነስታ ሸሚዞቹን ከሳጥኑ አወጣች፣ ሰባት ናቸው፣ አልጋው ላይ ደረደረቻቸው። "ሰባት ወር ለሞተ ሰው ተኮስኩ" አለች። ልንበረከክ ስል ክንዴን ያዘችኝ። "ይነሱ እማማ፣ ጉልበትዎ ያመዎታል" አለችኝ። ባትይዘኝ ይሻለኝ ነበር።

ደብዳቤህ እንደደረሰኝ ወደ ወደቡ ሰው ልኬ ነበር፣ ለእሷ ግን አልነገርኳትም። በያጁ ከሁለት ሳምንት በፊት አግብቷል። ይህንንም ነገርኳት። ራሷን ነቀነቀች፣ "ያልሰማሁ መሰለዎት? ገበያው ሁሉ ያውቀዋል" አለች።

ከዚያ እጇን ዘረጋች። "ይህን ደብዳቤ ለእኔ ይስጡኝ" አለች። ለምን አላልኳትም። ሰጠኋት። በማግስቱ ጥሩ ቀሚሷን ለብሳ ወደ ጦሩ ቢሮ ሄደች። ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣ፣ "ባሌ ሞቷል፤ የት እንደተቀበረና ማን እንደፈረመበት እዚህ ተጽፏል፤ የሞት ወረቀት ስጡኝ" ብላቸዋለች። ውሃ የጠጣው መቶ አለቃ ነው የተቀበላት። ሦስት ሰዓት አስቀመጧት። ስትመለስ ዕቃዋን አሰረች፤ የስፌት መኪናዋን ይዛ ወደ እናቷ ቤት ሄደች። ይሸኙኝ ብላ አላስቸገረችኝም፣ ጋሪ ጠርታ ራሷ ጫነች።

ስለዚህ ይህ ወረቀት እጅህ ሲገባ መርማሪዎቹ ቀድመውት ደርሰውብህ ይሆናል። ላስጠነቅቅህ ብዬ አይደለም የምጽፈው፤ ፖስታ ሬዲዮን አይቀድምም። ልከለክላት ብችል እንኳ አልከለክላትም ነበር። አሁን የምታገኘው ነገር አንድ ወረቀት ነው፣ እሱንም ካንተ ደብዳቤ ነው የምታገኘው።

ትናንት ከጦሩ ቢሮ እኔንም ጠርተውኛል፣ ሰኞ እገባለሁ። እንግዲህ ስማኝ፤ ታላቅህ ነኝ፣ አንዴ ልዘዝህ። ሲጠይቁህ ስለ መለዋወጫው ተናገር፣ ስለ አዛዡ ጩኸት ተናገር፣ ግን "አልነዳትም" ማለቱን አስቀድመህ ተናገር። ልጄ ፈሪ እንዳይመስላቸው ብለህ አትተወው፤ አልነዳም ብሏል፣ እንዲጻፍለት እፈልጋለሁ። አንተ አንድም ነገር አትቀንስ። እኔም የጨመርኩትን እነግራቸዋለሁ።

እህትህ